ዜሮው መቼ ይነሣል? ከአገር ወደ አገር ስልክ የመደወያ መመሪያ

«ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ግን አይገባም» የሚባለው ብዙ ጊዜ የኔትወርክ ጥፋት አይደለም። ቁጥሩ የተጻፈው እዚያው አገር ውስጥ ሆኖ ለሚደውል ሰው ነው፤ እርስዎ ግን የሚደውሉት ከሌላ አገር ነው። አንድ ዜሮ ይተርፋል፣ ወይም የአገር ኮድ ይጎድላል፣ ወይም በአውሮፓ የለመዱት 00 አሜሪካ ላይ አልሠራ ይላል።

ሦስቱ ክፍሎች

ወደ ሌላ አገር የሚደወል ቁጥር በቅደም ተከተል ሦስት ነገር ይይዛል። መጀመሪያ የመውጫ ቁጥር አለ። «ይህ ጥሪ ከአገር ይወጣል» ብሎ ለራስዎ ኔትወርክ የሚነግር ሲሆን፣ የሚወሰነው እርስዎ በሚገኙበት አገር እንጂ በሚደውሉለት ሰው አይደለም። ቀጥሎ የአገር ኮድ ይመጣል። ይህኛው የተጠሪው አገር መለያ ስለሆነ ከየትም ቢደወል አይለወጥም፤ የኢትዮጵያ 251 ከቶሮንቶም ከካርቱምም 251 ነው። ሦስተኛው የሰውየው ቁጥር ነው፣ በአብዛኛው አገር ከፊቱ ያለው ዜሮ ተነሥቶ።

ዜሮው የቁጥሩ አካል አይደለም። «ቀጥሎ የሚመጣው የአካባቢ ወይም የሞባይል ኮድ ነው» የሚል የአገር ውስጥ ምልክት ነው፤ የአገር ኮዱ ከገባ በኋላ ሥራ የለውም። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ መሠረት የአገር ኮዱና የሰውየው ቁጥር ተደምረው ከ15 አሃዝ መብለጥ አይችሉም። የኢትዮጵያ ቁጥር 3 እና 9፣ በድምሩ 12 አሃዝ ነው። ይህቺን 12 ያዙልን፣ ኋላ ትጠቅማለች።

የመውጫ ቁጥር ከየት ወደ የትም

ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳን፣ ከግብፅ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአብዛኛው አውሮፓ ሲደውሉ የመውጫ ቁጥሩ 00 ነው። ከአሜሪካና ከካናዳ 011፣ ከኬንያ 000፣ ከናይጄሪያ 009፣ ከአውስትራሊያ 0011፣ ከጃፓን 010 ይባላል። እስራኤል ውስጥ 00 ይሠራል፤ ከዚያ ሌላ 012፣ 013፣ 014፣ 018 የሚባሉት የየኩባንያው የራሱ መውጫዎች ናቸው። በአንዱ ሲደውሉ ሂሳቡን የሚጠይቅዎ የዚያ ቁጥር ባለቤት ስለሆነ፣ ውል ከሌለዎት ኩባንያ መውጫ እንዳይጠቀሙ ይጠንቀቁ።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። በሞባይል የመደመር ምልክቱ (+) እነዚህን ሁሉ ይተካል። ስልኩ ምልክቱን ሲያይ ለኔትወርኩ «ይህ ሙሉ ዓለም አቀፍ ቁጥር ነው» ብሎ ያስተላልፋል፤ ያሉበት አገር መውጫ ምን እንደሆነ እርስዎ ማወቅ የለብዎትም። ለመጻፍ 0 የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ትንሽ ያቆዩ፣ ዜሮው ወደ + ይለወጣል። በአንዳንድ የድሮ ስልኮች * ሁለት ጊዜ በፍጥነት ሲጫኑ ይመጣል።

የመደበኛ ስልክ ቁልፎች ላይ ግን + የለም፤ የመውጫ ቁጥሩን በእጅ ማስገባት ግድ ነው። የቢሮ ስልክ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በፊት የውጭ መስመር መያዣ፣ ብዙ ጊዜ 9 ወይም 0፣ ይቀድማል። ከአዲስ አበባ ቢሮ ወደ ዋሽንግተን ሲደወል 9፣ ከዚያ 00፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ 202 555 0143 ይሆናል። (ይህ ቁጥር ለምሳሌና ለፊልም ከተተዉት ውስጥ ስለሆነ የማንም አይደለም።)

የኢትዮጵያን ቁጥር ደረጃ በደረጃ

ወረቀት ላይ 09•• •• •• •• ተብሎ የተጻፈ የሞባይል ቁጥር አለዎት እንበል።

1. አሃዞቹን ይቁጠሩ። ከዜሮው ጋር 10 መሆን አለባቸው። 9 ወይም 11 ከሆኑ መደወሉ ከንቱ ነው፤ የላከልዎትን ሰው መልሰው ይጠይቁ።
2. የመጀመሪያውን ዜሮ ያንሡ። 9 አሃዝ ይቀራል።
3. ከፊቱ 251 ያስገቡ። 12 አሃዝ ሆነ።
4. ከሁሉም ፊት + ያድርጉ፤ ከመደበኛ ስልክ ከሆነ በ+ ፋንታ ያሉበትን አገር መውጫ ያስገቡ።

በ+ የተጻፈ የኢትዮጵያ ቁጥር 13 አሃዝ ከሆነ፣ ሌላ ነገር ከመጠርጠርዎ በፊት ከ251 ቀጥሎ ያለውን ይመልከቱ። +2510 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ዜሮው ሳይነሣ ቀርቷል። +00251 የሚልም ይገኛል፤ እዚያ ላይ መውጫው ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

በ09 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም ሞባይል ነው፣ በ07 የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ። መደበኛ ስልኮች በአካባቢ ኮድ ይጀምራሉ፦ አዲስ አበባ 011፣ አዳማና አሰላ 022፣ ድሬዳዋና ሐረር 025፣ ደሴ 033፣ መቀሌ 034፣ ሐዋሳ 046፣ ጅማ 047፣ ነቀምቴ 057፣ ባሕር ዳርና ጎንደር 058። ከውጭ ሲደወል ዜሮው ስለሚነሣ ጎንደር +251 58 ሆኖ ሰባት አሃዝ ይከተለዋል።

በድሮ ማኅተም፣ በድሮ ካላንደር ወይም ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ በኖረ ደብዳቤ ላይ ባለ ስድስት አሃዝ የአዲስ አበባ ቁጥር ካገኙ እንዲሁ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ ቁጥሮች በሙሉ ተለውጠው የአካባቢ ኮዱ ዜሮውን ሳይጨምር ሁለት አሃዝ፣ የስልኩም ቁጥር ሰባት አሃዝ ሆኗል። ድርጅቱ ዛሬም ካለ አዲሱን ቁጥር መፈለግ ይሻላል።

አሜሪካ ላለ ሰው ሁለት ወጥመድ

የመጀመሪያው 011 ነው። የአዲስ አበባ የአካባቢ ኮድና የአሜሪካ የመውጫ ቁጥር በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ናቸው። የአዲስ አበባ ቢሮ ቁጥር 011 551 •••• ተብሎ ተልኮልዎ፣ አሜሪካ ሆነው እንዳለ ቢመቱት ኔትወርኩ 011ን እንደ መውጫ ይወስድና 55ን የአገር ኮድ አድርጎ ያነባል። 55 ብራዚል ነው። ቁጥሩ ስለሚያጥር ምናልባት የትም አይገባም፤ የሚሰሙት መልእክት ግን ስለ አዲስ አበባ ምንም አይነግርዎትም። ትክክለኛው 011 251 11 551 •••• ነው። የመጀመሪያው 011 ከአሜሪካ ያስወጣል፣ 251 ኢትዮጵያ ያደርሳል፣ 11 አዲስ አበባ ነው።

ሁለተኛው ራሱ 251 ነው። አላባማ ውስጥ ሞቢል የምትባለው ከተማና አካባቢዋ የአካባቢ ኮዳቸው 251 ነው። + ወይም 011 ሳያስቀድሙ በ251 የጀመሩ እንደሆነ፣ የአሜሪካ ኔትወርክ የመጀመሪያዎቹን አሥር አሃዞች ብቻ ይዞ የቀሩትን ሁለት ሊተዋቸው ይችላል። በ92 የሚጀምር የኢትዮጵያ ሞባይል በዚህ መንገድ ሲመታ አላባማ ያለ ሰው ቤት ሊጮኽ ይችላል፤ ያ ሰውም «ሄሎ» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲመልስ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በ911 የሚጀምረው ሲሆን ደግሞ ጥሪው ጭራሽ አያልፍም፣ ምክንያቱም በአሜሪካ አካሄድ ከአካባቢ ኮድ ቀጥሎ 911 የሚል የስልክ መነሻ አይሰጥም።

00251 የሚለው አጻጻፍ ለአውሮፓና ለባሕረ ሰላጤው ሰው ይሠራል፣ ለአሜሪካው ግን አይሠራም። አድራሻዎን ለሁሉም የሚልኩ ከሆነ +251 ብለው ይጻፉት።

የአገር ኮድ ያልተጻፈበት ቁጥር

በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ይህን ቁጥር ደውሉለት» ተብሎ የሚለቀቅ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የአገር ኮድ የለውም። ከቅርጹ አገሩን መገመት ግን አስቸጋሪ ነው። አዲስ አበባም፣ ሪያድም፣ ጆሃንስበርግም የአካባቢ ኮዳቸው 011 ነው፤ በሦስቱም ከ011 በኋላ ሰባት አሃዝ ይከተላል። በ05 ጀምሮ አሥር አሃዝ ያለው ሞባይል የሳዑዲ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ወይም የእስራኤል ሊሆን ይችላል። በ07 ጀምሮ አሥር አሃዝ ያለው ደግሞ የኢትዮጵያ፣ የኬንያ፣ የስዊድን ወይም የስዊዘርላንድ ሊሆን ይችላል። በ07 ጀምሮ 11 አሃዝ ከሆነ ግን የብሪታንያ፣ የናይጄሪያ ወይም የኢራቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመገመት «የት አገር ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ በተለይ ገንዘብ ሊላክበት የሚችል ቁጥር ከሆነ።

ዜሮው የሚነሣበት፣ የሌለበት፣ የማይነሣበት

በሳዑዲ (966)፣ በኤምሬቶች (971) እና በእስራኤል (972) ዜሮው ይነሣል፤ 05 የነበረው ከአገር ኮዱ ቀጥሎ 5 ይሆናል፣ በድምሩም ከኮዱ በኋላ 9 አሃዝ ይቀራል። በኳታር (974)፣ በኩዌት (965)፣ በባሕሬን (973) እና በኦማን (968) ግን መጀመሪያውኑ ዜሮ የለም፤ ቁጥሩ 8 አሃዝ ነው፣ እንዳለ ይገባል። ጅቡቲም (253) እንዲሁ 8 አሃዝ ነው። ሊባኖስ (961) ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በ03 የሚጀምረው የቆየ ሞባይል ዜሮው ተነሥቶ 3 እና ስድስት አሃዝ ይሆናል፤ በ70፣ በ71፣ በ76 እና በመሳሰሉት የሚጀምረው ደግሞ ዜሮ የለውም፣ ስምንቱም አሃዝ ይገባል። ሁለቱም ትክክል ስለሆኑ አንዱ ከሌላው አጥሮ ሲታይ የጎደለ እንዳይመስልዎ።

አውሮፓ ውስጥ በብሪታንያ (44)፣ በጀርመን (49)፣ በስዊድን (46)፣ በሆላንድ (31)፣ በፈረንሳይ (33) እና በስዊዘርላንድ (41) ዜሮው ይነሣል። ኖርዌይ (47) ዜሮ የላትም፣ ቁጥሩ 8 አሃዝ ነው። ከሁሉም የምትለየው ጣልያን (39) ናት፦ የመደበኛ ስልክ ዜሮ አይነሣም። የሮም ቁጥር 06 ብሎ ከጀመረ ከውጭም +39 06 ነው፤ ዜሮውን ካነሡት አይገባም። የጣልያን ሞባይል በ3 ስለሚጀምር ይህ ጥያቄ አይነሣበትም። ሩሲያና ካዛክስታን (ሁለቱም 7) ደግሞ የአገር ውስጡ ምልክት ዜሮ ሳይሆን 8 ነው፤ የሚነሣውም 8 ነው።

በብሪታንያ የንግድ ካርዶች ላይ +44 (0)20 የሚል አጻጻፍ ይታያል። በቅንፉ ውስጥ ያለው ዜሮ የአገር ውስጥ ሰው የሚመታው ነው፤ ከውጭ የሚደውል ሰው ይዘለዋል። አጻጻፉ ሰውን ከማገዝ ይልቅ ሲያሳስት ይታያል፣ በራስዎ ካርድ ላይ ባይጠቀሙበት መልካም ነው።

ያመለጠዎትን ጥሪ ቁጥር ማንበብ

የአገር ኮድ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት አሃዝ ሊሆን ይችላል። የት ላይ እንደሚያበቃ የሚያሳይ ምልክት ግን በመካከል የለም፤ ማሽኑ የሚለየው አንዱ ኮድ የሌላው መጀመሪያ እንዳይሆን ተደርጎ ስለተደለደለ ነው። የመጀመሪያው አሃዝ ብቻውን አህጉሩን በግምት ይነግርዎታል።

1 ሰሜን አሜሪካና ካሪቢያን ነው። 2 አፍሪካ፣ 3 እና 4 አውሮፓ፣ 5 ላቲን አሜሪካ፣ 6 ደቡብ ምሥራቅ እስያና ፓስፊክ፣ 7 ሩሲያና ካዛክስታን፣ 8 ምሥራቅ እስያና ልዩ አገልግሎቶች፣ 9 ደግሞ መካከለኛው ምሥራቅ፣ ደቡብና መካከለኛው እስያ። ድልድሉ ፍጹም አይደለም፤ ለምሳሌ በ29 የሚጀምሩት ግሪንላንድንም (299) ይጨምራሉ።

በ2 ውስጥ ባለ ሁለት አሃዝ ሆነው የሚያገለግሉት ግብፅ (20) እና ደቡብ አፍሪካ (27) ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ሦስት አሃዝ ነው። ስለዚህ +2519… ሲያዩ ኮዱ 251 መሆኑ እርግጥ ነው። ጎረቤቶቻችን፦ ሶማሊያ 252፣ ጅቡቲ 253፣ ኬንያ 254፣ ሱዳን 249፣ ኤርትራ 291፣ ደቡብ ሱዳን ደግሞ ከነጻነቷ በኋላ የተሰጣት 211። በ9 ውስጥ 96፣ 97 እና 99 ብለው የሚጀምሩት ሦስት አሃዝ ሲሆኑ፣ ቱርክ (90)፣ ሕንድ (91)፣ ፓኪስታን (92) እና ኢራን (98) ሁለት አሃዝ ናቸው።

+1 ሁሉ አሜሪካ አይደለም። ከ20 በላይ አገሮችና ግዛቶች ይህን ኮድ ይጋሩታል፤ የሚለዩት ቀጥሎ ባሉት ሦስት አሃዞች ነው። 202 ዋሽንግተን ዲሲ፣ 301 እና 240 ሜሪላንድ፣ 703 እና 571 ቨርጂኒያ፣ 206 ሲያትል፣ 416 ቶሮንቶ ናቸው። 876 ግን ጃማይካ፣ 809 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ 473 ግሬናዳ፣ 284 የብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች ናቸው። አሜሪካ ያለ ሰው ለእነዚህ መልሶ ሲደውል የአገር ውስጥ የሚከፍል ይመስለዋል፣ ሂሳቡ ግን የውጭ ጥሪ ሂሳብ ነው። አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚዘጋ የማይታወቅ ቁጥር የሚፈልገው መልሰው እንዲደውሉ ነው፤ ሰው ከሌላው ጫፍ ባወራዎ ቁጥር ገንዘቡ ይቆጥራል።

በ870፣ በ881 እና በ882 የሚጀምሩት በአብዛኛው የሳተላይት ስልኮች ስለሆኑ ደቂቃቸው ከተራ የውጭ ጥሪ እጅግ ይወደዳል። 979 ከተራ ጥሪ የበለጠ ለሚያስከፍል አገልግሎት የተመደበ ነው። +44 70 ደግሞ ሞባይል ይመስላል እንጂ አይደለም፤ የብሪታንያ ሞባይል በ+44 71 እስከ 75 እና በ77 እስከ 79 ይጀምራል። በመርከብ ላይ ወይም በበረሃ የሚሠራ የሚያውቁት ሰው ከሌለ ለእነዚህ መልሶ መደወል አያስፈልግም።

ከውጭ ተደውሎ የአገር ውስጥ ቁጥር ሲታይ

ልጅዎ ከዱባይ ደወለ፤ ስክሪኑ ላይ የታየው ግን የማያውቁት 09 ቁጥር ነው። ይህ የሚሆነው ጥሪው በርካሽ ካርድ ወይም መተግበሪያ ተደውሎ በሕጋዊው ዓለም አቀፍ መስመር ሳይሆን ሲም ቦክስ በሚባለው መሣሪያ ሲያልፍ ነው። መሣሪያው ጥሪውን በኢንተርኔት ተቀብሎ በውስጡ ከተደረደሩት ሲሞች በአንዱ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ያስተላልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ (761/2012) እንዲህ ያለውን ሥራ ያስቀጣል። ለእርስዎ ዋናው ነገር ያንን 09 ቁጥር የልጅዎ ብለው እንዳይመዘግቡ ነው፤ ነገ ቢደውሉበት ማንም አያነሣም፣ ወይም ሲሙ ተዘግቷል ይባላሉ።

ከውጭ የማይገቡ ቁጥሮች

አጫጭር ቁጥሮች ከአገር አይወጡም። የኢትዮ ቴሌኮም 994፣ የየባንኩ ባለ ሦስትና ባለ አራት አሃዝ የጥሪ ማዕከሎች +251 ቢጨመርባቸውም አይገቡም። ከውጭ ሆነው ከባንክዎ ጋር ለመነጋገር የቅርንጫፉን ወይም የዋናውን መሥሪያ ቤት መደበኛ ስልክ አስቀድመው ይያዙ። የአሜሪካ 800፣ 888፣ 877፣ 866 እና የመሳሰሉት ነጻ መስመሮች ከውጭ ወይ አይገቡም፣ ወይ ሲገቡ በነጻ አይደለም። የእስራኤል በ* የሚጀምሩ ባለ አራት አሃዝ ቁጥሮችም ለአገር ውስጥ ብቻ ናቸው።

አመዘጋገብ

ስልክዎ ውስጥ ያለውን ኮንታክት ሁሉ፣ የአዲስ አበባ ጎረቤትዎን ጭምር፣ በ+251 ይመዝግቡ። አገር ቤት ሆነውም ይሠራል፣ ሂሳቡም አይጨምርም። ጥቅሙ የሚታየው በኢትዮጵያ ሲም በሮሚንግ ዱባይ ሲወርዱ ነው፦ በ09 የተመዘገበውን ቁጥር የዱባይ ኔትወርክ የራሱ አገር ቁጥር አድርጎ ያየዋል፣ በ+ የተመዘገበው ግን እንዳለ ይሄዳል። ዋትሳፕም ሰውን የሚፈልገው በሙሉ ዓለም አቀፍ ቁጥሩ ነው፤ «ይህ ሰው ዋትሳፕ የለውም» ካለዎ መጀመሪያ ከአገር ኮዱ ቀጥሎ የተረፈ ዜሮ እንዳለ ይመልከቱ። ለንግድ የሚላከውን የዋትሳፕ ሊንክ ሲያዘጋጁ ደግሞ +ም፣ ዜሮም፣ ሰረዝም፣ ክፍት ቦታም ሳይኖር በ251 ጀምረው 12ቱን አሃዝ ብቻ ያስገቡ።

የእድር ወይም የማኅበር አባላትን ስልክ ኤክሴል ላይ የሚመዘግብ ሰው፣ ከመጻፉ በፊት አምዱን ወደ ጽሑፍ ዓይነት ይለውጠው። አለዚያ ኤክሴል 09 ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር ዜሮውን ይበላዋል፣ ባለ 12 አሃዙንም በሳይንሳዊ አጻጻፍ ያሳጥረዋል።

አልገባ ሲል

የሚሰሙትን መልእክት ቋንቋ ያዳምጡ። በሚደውሉለት አገር ቋንቋ ከሆነ ጥሪው እዚያ ደርሷል፤ መውጫውና የአገር ኮዱ ትክክል ናቸው፣ ስሕተቱ ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ዜሮውንና የአሃዙን ብዛት ይፈትሹ። በራስዎ ኔትወርክ ድምፅ ከሆነ ግን ጥሪው ከአገር ገና አልወጣም፤ ወይ መውጫው ተሳስቷል፣ ወይ ቀሪ ሂሳብዎ ለውጭ ጥሪ አይበቃም፣ ወይ መስመሩ ለውጭ ጥሪ ተዘግቷል። በቢሮ ስልኮች ላይ የመጨረሻው የተለመደ ነው፣ የሚያስከፍተውም አስተዳደሩ ነው። ምንም ድምፅ ሳይኖር ዝም ካለ ከመቁረጥዎ በፊት እስከ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ፤ የውጭ ጥሪ መጥራት ለመጀመር ከአገር ውስጡ ይዘገያል።